ጨው የበላውን ብረት ማን መዘገበው?



ስለ አዳዲስ ቅይጥ ብረቶችና ስለ ሴራሚክ ፈጠራ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው ነጭ ጋዋን ለብሶ ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰ ምሁር ነው። እኔ ግን ጉዳዩ እዚህ ጅቡቲ ከተማ ያለውን አርሂባን ይመለከታል ባይ ነኝ። ይህ ሰፈር የአፋር ወደብ ሠራተኞች ወልደው የከበዱበት ሰፈር ነው። ዛሬ ከተቀመጣችሁትም መካከል በያጅ አለ፣ የክሬን ጠጋኝ አለ፣ በአዲስ አበባና በዶራሌ ወደብ መካከል የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር አለ። ብረት እንዴት እንደሚበላ፣ የት እንደሚሰነጠቅ፣ በስንት ወር እንደሚበሳ በዓይናችሁ አይታችኋል። የምናገረው ስለዚሁ ነው፦ አዲስ ቁስ የሚወለደው ከብልሽት ነው፤ ብልሽቱ እዚህ ሞልቷል፤ ፓተንቱ ግን የሚሄደው ብልሽቱን ላየው ሳይሆን ቀድሞ ለጻፈው ነው።

ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ አገር በምትጠቀሙበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

መጀመሪያ ጠላታችንን እንወቀው። ስቴንለስ ወይም ኢኖክስ የምትሉት ብረት የማይዝገው ከመቶው ቢያንስ 10.5 እጅ ያህል ክሮሚየም ስላለበት ነው። ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ብረቱ ላይ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ሽፋን ይሠራል። ያ ሽፋን በባሕርዩ ሴራሚክ ነው፤ ስለዚህ ብረትና ሴራሚክ ሁለት የተለያዩ ዓለማት አይደሉም፤ የብረቱን ነፍስ የሚጠብቀው ሴራሚኩ ነው። የባሕር ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ይህን ሽፋን በአንዲት ነጥብ ላይ ይበሳዋል። ከላይ ሲያዩት ደህና የሚመስል ቧንቧ የመርፌ ቀዳዳ በምታክል ሽንቁር ውስጥ ለውስጥ ይበላል። የተለመደው 304 የሚባለው ስቴንለስ 18 እጅ ክሮሚየምና 8 እጅ ኒኬል አለው፤ 316 የሚባለው ከ2 እስከ 3 እጅ ሞሊብዲነም ተጨምሮበታል። የዋጋው ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ጭማሪ ነው፤ ገበያ ላይ 304ን በ316 ስም የሚሸጥላችሁ ነጋዴ የሚሰርቃችሁም ይህችኑ ነው። የወደብ ሰው እንደሚያውቀው፣ ብረት ክፉኛ የሚበላው ባሕሩ ውስጥ የተነከረው ክፍል አይደለም። ማዕበሉ እየረጨው ፀሐይ የሚያደርቀው ቦታ ነው፤ ጨውም ውሃም አየርም በየተራ ያገኙታልና።

ከዚህ ከተማ ወጣ ብላችሁ ወደ አሳል ሐይቅ ስትሄዱ ነገሩ ይብሳል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ነው፤ ከስሩ የመሬት እሳት አለ። ያንን እሳት ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ በ1975 የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ በ1987 አሳል 3 የተባለው ከ1,300 ሜትር በላይ ወረደ። ከ260 ዲግሪ በላይ የሞቀ ፈሳሽ ተገኘ፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ፈሳሹ በአንድ ሊትር 120 ግራም ገደማ የሟሟ ማዕድን ይዟል፣ ይህም የተራ ባሕር ውሃ ሦስት እጥፍ ነው። ወደ ላይ ሲወጣና ግፊቱ ሲቀንስ የእርሳስ ሰልፋይድ ቧንቧው ላይ እየተጋገረ ጉድጓዱን አጠበበው። አገሪቱ ከሙቀት የሚገኝ ኃይል አላጣችም፤ ያጣችው ያንን ፈሳሽ የሚችል ቁስና ዘዴ ነው። አንድ የቁሳቁስ ተመራማሪ እንዲህ ያለ ቦታ ሲያገኝ የሚሰማው ደስታ ነው፤ ሌላው ዓለም በቤተ ሙከራ በብዙ ገንዘብ የሚፈጥረውን ሲኦል እዚህ ተፈጥሮ በነፃ አቅርባዋለችና።

አሁን ወደ ፓተንቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ታይታኒየም ሜታልስ በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሎረን ኮቪንግተንና ሃዋርድ ፓልመር የሚባሉ ሁለት ሰዎች፣ የፈላ ጨዋማ ውሃ የሚችል ቅይጥ ይፈልጉ ነበር፤ የእኛን ችግር ማለት ነው። ንጹሕ ታይታኒየም ባሕርን ይችላል፤ በጣም በሞቀ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ግን፣ በተለይ ጠባብ ክፍተት ባለበት መጋጠሚያ፣ ይበላል። እነሱ ያገኙት መፍትሔ ቀላል ነበር፦ 0.3 እጅ ሞሊብዲነምና 0.8 እጅ ኒኬል መጨመር። ይህች ትንሽ ጭማሪ ብረቱን ለሞቀ ጨው ጠንካራ አደረገችው። ዛሬም ቅይጡ ግሬድ 12 በሚል ስም ይሸጣል።

ማመልከቻቸውን በ1974 አስገቡ። የጠየቁት ነጥቡን ብቻ አልነበረም፤ ክልሉን ነው፦ ሞሊብዲነም ከ0.2 እስከ 0.4፣ ኒኬል ከ0.6 እስከ 0.9፣ ቀሪው ታይታኒየም። የቅይጥ ፓተንት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጻፈው፤ አንድ ነጥብ ብቻ ብትጠይቁ ጎረቤታችሁ በአንድ አሥረኛ ፈቀቅ ብሎ ይሠራዋል፤ ክልሉን በጣም ብታሰፉት ደግሞ ሌላ ሰው ቀድሞ የረገጠው መሬት ላይ ትወድቃላችሁ። የአሜሪካ ፓተንት መሥሪያ ቤት ማመልከቻውን ጣለው። ምክንያቱ በ1970 በሩሲያኛ የታተመች ባለ ሦስት ገጽ ጽሑፍ ነበረች። ጽሑፏ ስለ ዝገት አንድ ቃል አትናገርም። ስለ ቅይጦቹ ጥንካሬ የሚያሳዩ ግራፎች ነበሩባት፤ ከግራፉ ነጥቦች አንዷ 0.25 እጅ ሞሊብዲነምና 0.75 እጅ ኒኬል ማለት ነበረች። ኩባንያው ተከራከረ፤ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረታ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ1985 ገለበጠው። ዳኛው ጃይልስ ሪች የጻፉት በአጭሩ ይህን ይላል፦ የጠየቃችሁት ቅይጡን ራሱን ነው፤ ቅይጡ ደግሞ አዲስ አይደለም፤ ጨው የሚችል መሆኑን እናንተ ብታውቁም፣ ያለውን ነገር ባሕርይ ማወቅ ያንኑ ነገር አዲስ አያደርገውም።

ፍርዱ ጨካኝ ይመስላል። እኔ ግን ትክክል ነው ባይ ነኝ። ሩሲያውያኑ ያንን ቅይጥ አቅልጠውታል፣ ለክተውታል፣ ጽፈውታል። ኮቪንግተንና ፓልመር ያገኙት አዲስ ነገር አጠቃቀሙ ነበር፤ ስለዚህ በሞቀ ጨው ውስጥ የመጠቀሙን ዘዴ መጠየቅ ነበረባቸው። ይህ ልዩነት ያልገባው ፈጣሪ ዕድሜውን በከንቱ ይፈጃል። እናንተም አንድ ቀን ገበያ ላይ ያለ ተራ ቅይጥ ማንም ባላሰበው ቦታ፣ ለምሳሌ በአሳል ፈሳሽ ውስጥ፣ ሲሠራ ብታዩት ቅይጡን የእኔ ነው አትበሉ፤ አጠቃቀሙን ግን መጠየቅ ትችላላችሁ።

ይህን ያህል ስለ ብረት ካልኩ ሴራሚኩን ከአንዲት የአገር ልጅ ጋር ላንሳው። ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ በ1966 አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው የግዕዝ ብራናን በማጥናት ስማቸው የገነነው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 ወታደሮች ጌታቸውን ቤታቸው መጥተው በጥይት መቷቸው፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ኖሩ። ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሚኒሶታ ተሰደደ። ሶስና በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በኤምአይቲ፣ የቁሳቁስ ሳይንስ ተምረው እስከ ዶክትሬት ደረሱ፤ ከ1996 ጀምሮ በካልቴክ አስተማሩ፤ ከ2015 ወዲህ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ናቸው።

ሥራቸው ፊውል ሴል ነው፤ ሃይድሮጅንን ሳያቃጥል ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ። በመሣሪያው መካከል እንደ ፕሮቶን ያለ አዮንን የሚያሳልፍ፣ ኤሌክትሮንን ግን የሚከለክል ንጣፍ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ በጠጣር ንጣፍ በኩል የነበሩት ዋና ምርጫዎች ሁለት ነበሩ ማለት ይቻላል፦ ከ100 ዲግሪ በታች የሚሠራ፣ ሁልጊዜ እርጥበት የሚፈልግ ፕላስቲክ፤ ወይም ከ700 ዲግሪ በላይ የሚነድ ሴራሚክ። መካከሉ ባዶ ነበር። ሶስናና ተማሪዎቻቸው ያነሱት ሴሲየም ሃይድሮጅን ሰልፌት የሚባል ጨው ነበር። 141 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ውስጣዊ አቀማመጡ ይፈታና ፕሮቶን እንደ ልብ ይመላለስበታል። ባሕርዩ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ነገር ግን ጨው ነው፤ ውሃ ያሟሟዋል፤ ፊውል ሴል ደግሞ ውሃ ያመርታል። ስለዚህ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የእነሱ መልስ ሲሰሙት ያስቃል፦ ከ100 ዲግሪ በላይ ከሠራ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፣ ማን ያሟሟዋል? ውጤቱን በ2001 ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጡት።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም፤ ለእኔ የሚጥመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ጨዉ ውስጥ ያለው ሰልፈር ከሃይድሮጅኑ ጋር እየተዋሃደ ማነቃቂያውን (ካታሊስቱን) መረዘው። መሣሪያው ደከመ። ይህን ብልሽት አልደበቁትም፤ ሰልፈሩን በፎስፈረስ ተኩ። አዲሱ ጨው ሲሞቅ ደግሞ ውሃውን እየለቀቀ መፍረስ ጀመረ። ለዚህም በእንፋሎት ከበቡትና ረጋ፤ ውጤቱ በ2004 ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። እያንዳንዱ እርምጃ የተወለደው ያለፈው እርምጃ በምን ምክንያት እንደከሸፈ በትክክል ከመታወቁ ነው። ከዚህ ሥራ የወጡት ፓተንቶች ላይ የፈጣሪዎቹ ስም ተጽፏል፤ ባለቤቱ ግን ካልቴክ ነው፤ ከተማሪዎቻቸው አንዳንዶቹ በ2009 ሴፍሴል የተባለ ኩባንያ አቋቁመው ወደ ምርት ገቡበት። ይህን ልብ በሉልኝ፦ ፈጣሪና ባለመብት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። በሰው ቤተ ሙከራ፣ በሰው ደመወዝ የተፈጠረ ነገር በአብዛኛው የአሠሪው ነው፤ ውላችሁን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት።

ሌላም ሥራ አላቸው፤ ለዚህ አገር ፀሐይ የተሠራ የሚመስል። በ2010 ከስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ጋር ያወጡት ጥናት ሴሪየም ኦክሳይድ ስለሚባል ሴራሚክ ነው። በመስተዋት በተሰበሰበ ፀሐይ 1,500 ዲግሪ ድረስ ሲያሞቁት ሴራሚኩ ሳይቀልጥ ከሰውነቱ ኦክስጅን ይለቃል። ቀዝቀዝ ሲልና እንፋሎት ሲያገኝ የጎደለውን ኦክስጅን ከውሃው ይነጥቃል፤ የሚቀረው ሃይድሮጅን ነው። ይህን ዙር ደጋግመው አሠሩት። ከፀሐዩ ኃይል ወደ ነዳጅ የተለወጠው ግን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም፤ ስለዚህ ነገ ጓሮአችሁ የምትተክሉት ነገር አይደለም። ቢሆንም ለሴራሚክ ሰው ታላቅ ነገር ነው፤ ሸክላ ሙቀትን መቻል ብቻ ሳይሆን ሙቀትን ወደ ነዳጅ ሲለውጥ አሳይቷልና።

እኚሁ ሴት በታኅሣሥ 2012 ከሌሎች ጋር ሆነው ከምሥራቅ አፍሪካና ከአሜሪካ የመጡ ወጣት የቁሳቁስ ተመራማሪዎችን አዲስ አበባ ላይ አሰባስበው አስተምረዋል። በሩ ዝግ አይደለም ማለቴ ነው።

እንግዲህ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ስለ ሕጉ በአጭሩ ልናገር። ፓተንት የመሥራት ፈቃድ አይደለም፤ ሌላው እንዳይሠራ የመከልከል መብት ነው፣ ያውም ለተወሰነ ዘመንና ባስመዘገባችሁበት አገር ብቻ። በብዙ አገር 20 ዓመት ነው፤ በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት 15 ዓመት ሆኖ ለ5 ዓመት ይራዘማል። ይኸው አዋጅ አነስተኛ ፈጠራ ለሚባለው ለብቻው ጥበቃ ይሰጣል፤ 5 ዓመት፣ ደግሞ 5 ዓመት። የአዋጁ ዓመት ብቻ በእኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይሏል። ብዙ ሰው አነስተኛ የሚለውን ቃል ሰምቶ ይንቀዋል፤ ለበያጅና ለሞዴሊስት ግን ትልቁ በር ይህ ነው። ጅቡቲ ደግሞ የራሷ የኢንዱስትሪና የንግድ ንብረት ጽሕፈት ቤት አላት፤ ኦዲፒክ ይባላል። በ2016ም ዓለም አቀፉን የፓተንት ትብብር ስምምነት ተቀላቅላለች። ይህ ማለት የጅቡቲ ዜጋ በአንድ ማመልከቻ ከ150 በላይ አገሮች ላይ ቀኑን ያስይዛል፤ የትኛው አገር ገብቶ እንደሚከፍል ለመወሰን ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን አንስቶ በጠቅላላው 30 ወር አለው። ከብዙ ታዳጊ አገሮች ለሚመጣ ግለሰብ አመልካች ከዓለም አቀፍ ክፍያዎቹ አንዳንዶቹ 90 በመቶ ይቀነሱለታል። ገንዘቡ የሚያስፈራው በየአገሩ መግባት ሲጀመር ነው፤ እዚያ ላይ ገዢ ወይም ሸሪክ ሳያገኙ መሮጥ ሞኝነት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አፋችሁን ጠብቁ። አሜሪካ ፈጠራውን ከገለጹ በኋላ አንድ ዓመት ትታገሣለች፤ አውሮፓ ግን አንዲት ቀን አትታገሥም። በስብሰባ ያሳያችሁት፣ በፌስቡክ የለጠፋችሁት ነገር በራሳችሁ ላይ ማስረጃ ይሆናል። ፈጣሪዎች ምን ያህል እንደሚጠነቀቁ ለማየት፣ በ1987 ፖል ቹ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች መቋቋም የሚያሳልፍ ሴራሚክ ሲያገኙ፣ ለመጽሔት በላኩት ጽሑፍ ላይ ኢትሪየም በሚለው ፈንታ ኢተርቢየም ተጽፎ ነበር፤ ሊታተም ሲል ተስተካከለ። እሳቸው የታይፕ ስህተት ነው አሉ፤ ሙያተኛው ግን ሆን ተብሎ ይሆናል ብሎ እስከ ዛሬ ፈገግ ይላል፣ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት የተሳሳተው ቀመር ወሬ ወጥቶ ነበርና። በዚያው ሴራሚክ ፓተንት ላይ የተነሳው ክርክር ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል።

አንዳንዱን ነገር ደግሞ ጨርሶ ፓተንት አታውጡበት። የቅይጥን ይዘት ዛሬ በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያ በሴኮንዶች ያነበዋል፤ ስለዚህ ይዘቱን በምስጢር እይዛለሁ ማለት ከንቱ ነው። እንዴት እንደሞቀ፣ በምን ፍጥነት እንደቀዘቀዘ፣ ብየዳው በምን ቅደም ተከተል እንደተሠራ ግን መሣሪያው በቀላሉ አያወጣውም። ይዘቱን አስመዝግቡ፤ አሠራሩን በምስጢር መያዝን አስቡበት።

የመጨረሻው ነገሬ ሙከራ ነው፤ ቤተ ሙከራ የማይፈልግ። 10 በ10 ሴንቲሜትር የሆነ ላሜራ ቁረጡ፤ በጥሩ ሚዛን መዝኑ፤ ቁጥር ምቱበት። ማዕበሉ በሚረጨው ቦታ፣ ከሌላ ብረት ጋር ሳይነካካ፣ በናይለን ገመድ ስቀሉት። ከአንድ ዓመት በኋላ ዝገቱን አጽድታችሁ መዝኑ። ተራ ብረት ከሆነና 15.7 ግራም ከቀነሰ በሁለቱም ፊት በአማካይ 0.1 ሚሊሜትር ተበልቷል ማለት ነው። የተለያየ ብረት፣ የተለያየ ኤሌክትሮድ፣ የተለያየ ቀለም ጎን ለጎን ስቀሉ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ብረቱ የተገዛበትን ደረሰኝ፣ ፎቶውን በአንድ ደብተር ያዙ፤ እያንዳንዱን ገጽ ሌላ ሰው አይቶ ይፈርምበት። ዶራሌ ላይ ከባሕር ውሃ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃ እንዲያወጣ የተሠራ ፋብሪካ አለ፤ ክሬኖች አሉ፤ አዲሱ የባቡር ሐዲድ አለ። ይህ ሁሉ ብረት በጅቡቲ አየር ውስጥ በዓመት ስንት እንደሚበላ የሚናገር የሠራተኛ ደብተር ቢኖር፣ ማንም የቅይጥ ፋብሪካ ገንዘብ ከፍሎ የሚያነበው ሰነድ ይሆን ነበር።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በያጆች፣ ነገ የተበሳ ቧንቧ ስትቀይሩ አሮጌውን ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ቁራጭ አስቀሩ፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት። ተማሪዎች፣ ያንን ቁራጭ ይዛችሁ ወደ ጅቡቲ ዩኒቨርሲቲና ወደ አገሪቱ የምርምር ማዕከል ሂዱ፤ ምን እንደበላው ጠይቁ። አንዳች የሚሠራ ነገር ያገኘ ደግሞ ለጓደኛው ከማውራቱ በፊት ኦዲፒክ ይሂድ።